የአውራዝ ሁለተኛ ዓይን

ንጉሥ አጽናፍ በሰንደርያ ምድር በነገሡበት ዘመን የሚዛና ወንዝ በጠራራ ፀሐይ ድምፁ ጠፋ። ውሃ ቀጂዎቹ እንስራቸውን እንዳዘሉ ደረቅ ድንጋይ ላይ ቆመው ቀሩ። በዚያው ዕለት በቤተ መንግሥቱ በር ላይ የተሣለው አውሬ፣ አውራዝ፣ አለቀሰ፤ እንባው ከበሩ እስከ መሬት ወረደ። ሽማግሌዎቹ መከሩና፣ «ወንዙን ጠጥቶ ጠጥቶ ሞልቶበት ነው» ብለው ፈቱት።

አውራዝን የማያውቅ ሰንደርያዊ አልነበረም፤ ቀርቦ ያየው ግን የለም። በጋሻ ላይ አለ፣ በገበጣ ሰሌዳ ላይ አለ፣ ልጅ አልተኛ ሲል በእናት አፍ ላይ አለ። ባለ ቀንድ፣ ባለ ክንፍ ሆኖ ሁልጊዜ በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላል፤ የአገሩ ሠዓሊ ደጉን በሁለት ዓይን፣ ክፉውን በአንድ ዓይን መሣል ሕጉ ነውና። ሕጉን ማን እንዳወጣው ጠይቆ የሚያውቅ አልነበረም።

ንጉሡ ሠዓሊውን ኤልዳስን አስጠርተው፣ «የምትሥለው አንተ ነህ፤ ልቡ ያለበትንም የምታውቀው አንተ ነህ። ሂድና ውጋው!» አሉት። ኤልዳስ ጉልበቱ የከዳው ሽማግሌ ነበር። ልጁ ትንግርት ከኋላው ወጥታ በንጉሡ ፊት ተንበረከከች።

«ንጉሥ ሆይ፣ ሺህ ዓመት ያንግሥዎ! የአባቴን ብሩሽ እንደያዝሁ ጦሩንም ልያዝለት። ውሃውን ሳልመልስ ብመለስ የሰንደርያ አፈር አይቀበለኝ!»

እውነቱን ለመናገር፣ የአውራዝ ልብ የት እንዳለ እሷም አታውቅም ነበር። ቤቷ ውስጥ ግን እህቷ አራስ ናት፤ በውሃ ጥም ጡቷ እየደረቀ፣ ሕፃኑም ማልቀሱን ትቶ ማቃሰት ጀምሯል።

ጎርፉ የተባለ ሽማግሌ ጦረኛ ተከተላት። በአገሩ ጢሙ ከጀግንነቱ ቀድሞ የሚታወቅ ሰው ነበር። በጉርምርም ደን ሲያልፉ ተናጋሪዎቹ ዛፎች «ተመለሱ! ተመለሱ!» ቢሏቸው፣ «እናንተ ደግሞ የት ሄዳችሁ ታውቃላችሁና!» ብሎ አሳፈራቸው። የጨው ነፋስ በሚነፍስበት ሜዳ ላይ ግን ከያዙት የውሃ ቅል የእሱን ድርሻ አልጠጣም። «አንቺ ጠጪ ልጄ፤ ጢም ያለው ሰው አይጠማም» ይላት ነበር፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ እየደማ።

ከጥቁሩ ገደል አፍ ሲደርሱ አውራዝን አገኙት። ተራራው ተንዶ ወንዙን ዘግቶታል፤ ከናዳው ኋላ ውሃው ባሕር አክሎ ተጠራቅሟል። አውሬው ጀርባውን ለናዳው ሰጥቶ፣ ክንፎቹ ተቀዳደው፣ ጎኑን ወደ እነሱ አዙሮ ቆሟል።

«አሁን ነው፣ ውጊው!» አላት ጎርፉ።

ትንግርት ጦሯን አነሣች። አውራዝ ፊቱን ወደ እሷ መለሰ። ሁለት ዓይን ነበረው።

ጦሯን ዝቅ አደረገች። ሁለት ዓይን ለማን እንደሚሣል ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለችና አንደበቷ ሳታዘው አንቱ አላቸው። እኛም ከዚህ ወዲህ አንቱ እንላቸዋለን፤ ይገባቸዋል።

«እርስዎ... ሁለት ዓይን አለዎት?»

«ከተወለድሁ ጀምሮ» አሉ አውራዝ በደከመ ድምፅ። «ያየኝ ሁሉ እየሸሸ ስለሚያየኝ በጎኔ ብቻ ያውቀኛል። ፊት ለፊቴ የቆምሽ አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ። እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ።»

ከዚያም ነገሩን ገለጡላት። «ይህን ናዳ ብለቀው ባሕሩ ሰንደርያን ጠራርጎ ይወስዳል። ይዤው ብቆይ ሰንደርያ በጥም ታልቃለች። ከእግሬ ሥር የወንዙ መውጫ ነበር፤ ድንጋይ ደፈነው። የሚከፍትልኝ እጅ ስጠብቅ የመጣው ሁሉ ጦር ይዞ መጣ።»

«እኛም የያዝነው ጦር ነው» አለች ትንግርት አንገቷን ደፍታ።

«ጦርም ይፈነቅላል።»

ጦሮቻቸውን ከድንጋዩ ሥር ሰክተው ሲፈነቅሉ ዋሉ። የጎርፉ ጦር ሲሰበር በጋሻው ቆፈረ፤ ጋሻው ሲሰበር በእጁ ቆፈረ። በመጨረሻ ድንጋዩ ተነቃነቀ።

«ቆዩ» አሉ አውራዝ። «ውሃው ሲወጣ ናዳው ይናጋል፤ ሥጋም አይችለውም። ለእኔና ለወገኖቼ ድንጋይ መሆን ተሰጥቶናል፤ መመለስ ግን አልተሰጠንም።»

ትንግርት አለቀሰች። «ስምዎን ለልጅ ማስፈራሪያ ላደረገ ሕዝብ?»

«ልጆቻችሁ ወንዝ ሲዋኙ ሳቃቸውን ነፋሱ ያመጣልኝ ነበር። ብቻዬን ነበርሁ፤ ያ ሳቅ አኑሮኛል። ውለታቸው አለብኝ።»

ጉልበታቸውን ሳመች። ከዚያ እሷና ጎርፉ ድንጋዩን ፈነቀሉት፣ ውሃውም እየጮኸ ወጣ። አውራዝ ከእግራቸው ጀምረው ድንጋይ ሆኑ፤ ናዳውም ከጀርባቸው ላይ አልተንቀሳቀሰም።

ወደ ሰንደርያ ሲመለሱ ወንዙ ቀድሟቸው ደርሷል። ትንግርት የእህቷን ልጅ ጡት ሲጠባ አይታ፣ ከደጅ ተቀምጣ እንደ ሕፃን አነባች። ቤተ መንግሥቱ በእልልታ ተሞልቶ፣ ንጉሡ ከሚዛና የተቀዳ ውሃ በዋንጫ ይዘው በዙፋናቸው ተቀምጠው ነበር።

«አውሬውን የገደልህ ጎርፉ፣ እንግዲህ ፎክር!» አሉት።

ፎካሪ የጌታውን ስም ጠርቶ መፎከሩ የአገሩ ወግ ነው። ጎርፉ ጦርም ጋሻም ሳይዝ፣ እጆቹ እንደቆሰሉ መሐል አዳራሽ ቆመ።

«ዘራፍ! ዘራፍ! የአውራዝ አሽከር!»

እልልታው ተቋረጠ። ዘበኞቹ ሰይፋቸውን መዘዙ። ንጉሡ፣ «በእኔ ፊት የማንን ስም ነው የምትጠራው?» ብለው ተቆጡ።

ትንግርት ከጎኑ ቆማ ያየችውን ሁሉ፣ አንድም ሳታስቀር ተናገረች። ስትጨርስ ጎርፉ ዋንጫውን በዓይኑ አመለከተ።

«ንጉሥ ሆይ፣ በእጅዎ የያዙት የጌታዬ ስጦታ ነው። ሰይፉ አንገቴ ላይ ይውረድ፤ እርስዎ ግን ሳያመሰግኑ አይጠጡት።»

ንጉሥ አጽናፍ ዋንጫውን ብዙ አዩት። ከዚያ ዘውዳቸውን አወለቁ፤ ከዙፋናቸውም ተነሡና ውሃውን ቆመው ጠጡ።