የግራው ስፒከር

«ወደ ግራ! ትንሽ… ትንሽ… በቃ፣ እዛው!»

ቲልደ ስፒከሩን እንደታቀፈች ቆመች። ክንዶቿ ዝለዋል። አባቷ ፕሬበን ሶፋው መሀል ተቀምጦ፣ ዓይኖቹን ጨፍኖ ያዳምጣል። ከጠዋት ጀምሮ እዚሁ ናቸው። ምሳ እንኳ በወጉ አልበሉም፤ ጥቁር ዳቦ ላይ የተፈጨ ጉበት ቀብተው ቆመው ጎረሱና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ውጭ የዴንማርኳ የወደብ ከተማ የኤስቢያርግ ንፋስ ዝናቡን ከመስኮቱ ጋር ያላጋዋል።

ስፒከሮቹ አምስት ናቸው፤ ሦስቱ ከፊት፣ ሁለቱ ከሶፋው ኋላ። በትክክል ከተቀመጡ ሙዚቀኞቹ ዙሪያህን ከበው የሚጫወቱልህ ይመስላል ይላል ፕሬበን። ይህን ሲል ሦስተኛ ቅዳሜው ነው።

«ከኋላ የግራው አሁንም ሞቷል» አለ።

«አልሞተም አባዬ። እየጮኸ ነው።»

«ምኑ ነው የሚጮኸው? እስኪ ሽቦውን ቀይሪው።»

ተንበርክካ ሽቦውን ቀየረች። ለውጥ የለም። ሰኞ የጀርመንኛ ፈተና አለባት፤ ደብተሯ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ እንደተከፈተ ቀርቷል። ቶሎ ለመገላገል ብላ አንድ ዘዴ አሰበች። ሁለቱን የኋላ ስፒከሮች አቀያየረቻቸው። ችግሩ የስፒከሩ ከሆነ አብሮት ወደ ቀኝ መሄድ አለበት።

ሙዚቃውን ከፈተችው።

«ያው የግራው ነው» አለ አባቷ። «አላልኩሽም?»

ቲልደ ባለችበት ደርቃ ቀረች። አሁን ግራ ላይ ያለው፣ ቅድም በቀኝ በኩል ሳለ «እንዴት ያለ ጥርት ያለ ድምፅ ነው!» ብሎ ያደነቀው ስፒከር ነው። ሽቦውም ተቀይሯል። እንግዲህ የቀረው… ሐሳቧን ልትጨርሰው አልፈለገችም።

ሪሞቱን አነሳችና የግራውን ድምፅ ብቻ ከፍ አደረገችው። ደግማ ከፍ አደረገችው። ስድስት ጊዜ ስትጫን የአባቷ ፊት በራ።

«እሰይ! ይኸውልሽ! መጣ እኮ! የኔ ጎበዝ፣ ምን አድርገሽው ነው?»

እንዲህ ሲስቅ ካየችው ሰንብታለች። ምንጣፉ ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች። አልቋል፤ አሁን ሄዳ ማጥናት ትችላለች።

በሩ ተከፈተ። እናቷ ሊስቤት ከአረጋውያን መጦሪያው ሥራዋ መመለሷ ነው፤ ካፖርቷ ውሃ ያንጠባጥባል። ሁለት እርምጃ ገባ እንዳለች ጆሮዋን ያዘች።

«ኧረ ምንድነው ይሄ! በዚህ በኩል እኮ ያደነቁራል!»

«እኩል ነው፣ ሊስቤት» አለ ፕሬበን።

«እኩል? ትቀልዳለህ?»

ሁለቱም ወደ ቲልደ ዞሩ።

«እ… እየሞከርኩት ነበር» አለች።

«በሉ ቀንሱት። እግሬ ሊቆረጥ ደርሷል» ብላ እናቷ ወደ መታጠቢያ ቤት ገባች።

ፕሬበን ወደብ ላይ የክሬን ነጂ ነው። ከታች ያለው ሠራተኛ በሬዲዮ «ያዝ! አቁም!» ሲለው መስማት አለበት። መሥሪያ ቤቱ ለጆሮ ምርመራ ሲጠራው ጉንፋን ይዞኛል እያለ ሁለት ጊዜ አስተላልፎታል። ቲልደ ያኔ እውነት መስሏት ነበር። ግን አንድም ቀን ሲያስለው አልሰማችም።

ሪሞቱን አንስታ የግራውን ወደ ነበረበት መለሰችው።

«እንዴ፣ ጠፋ እኮ! ምን ነካሽው?»

ሙዚቃውን አጠፋችውና ሶፋው ላይ በቀኙ በኩል አጠገቡ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ስፒከሩ ምንም አልሆነም።»

ፕሬበን የተቀያየሩትን ስፒከሮች ዞሮ አያቸው፤ ከዚያ መሬት መሬቱን አየ።

«ቀኝ ጆሮህን በእጅህ ሸፍነው» አለችው።

ለምን ብሎ አልጠየቃትም። እጁን አነሳ፤ ግን ጉንጩ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ሰኞ ፈተና አለብሽ አይደል?»

«አለብኝ።»

«ታዲያ ሂጂ አጥኚ።»

«አጠናለሁ። አሁን አይደለም።»

ቀና ብሎ አያት። እሷም ከተቀመጠችበት ንቅንቅ አላለችም። በመጨረሻ እጁ ወደ ጆሮው ሄደ፣ ቲልደም ሙዚቃውን ከፈተችው።