የኒካረቴ በርጩማ

«እማማ ሚርታሌ፣ ቶሎ ይምጡ! ለማጠብ ይፈለጋሉ» አለች ገረዷ ትራታ ከደጃፍ ሆና።

አዋላጇ ሚርታሌ ዘይታቸውንና የእትብት ቢላዋቸውን አነሡ። «ገና ስምንት ወሯ አይደል እንዴ? ወንድ ነው ሴት?»

ትራታ አለቀሰች። «ሕፃኑን አይደለም እማማ። እመቤቴን ነው።»

ኒካረቴ ባሏ ባሕር ላይ ሞቶባት፣ እርጉዝ ሆና በአማቷ ቤት የቀረች የአቴና ሴት ነበረች። ትራታ ከምንጭ ስትመለስ፣ የሽመናው ዕቃ ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ማጉን እንደጨበጠች ሞታ አገኘቻት። እግሯ ሥር ጽዋ ወድቆ ነበር።

ሚርታሌ ፊቷን ሲያጥቡ ከንፈሯን ገለጥ አደረጉ። ከውስጥ ተሰንጥቋል። በጥርሶቿ መካከል ነጭ ሱፍ ተቀርቅሯል። ከንፈሯን መልሰው ከደኑ።

የሟች ባሏ ወንድም ሊኮን ደጅ ላይ ይንጎራደድ ነበር።

«ባሪያዋ ናት መርዝ ያጠጣቻት። ዛሬውኑ ለገራፊ እሰጣታለሁ፤ አለንጋው ያናግራታል።»

«ሌላ ሰው አልገባም?»

«ወንድ? በወንድሜ ቤት? ከማለዳ ጀምሮ ደጁን የጠበቅሁት እኔ ነኝ! ከእኔ በቀር አንድም ወንድ አልረገጠውም። በአማልክት እምላለሁ!»

«መማልህ ደግ ነው ልጄ።»

እናቱ ክሌኢፔ ጓዳ ነበሩ።

«እኔንም ልትጠረጥሪ መጣሽ?»

«ሁሉንም ነው።»

«ጠርጥሪ። ሆዷ ውስጥ የነበረው የልጅ ልጄ ነው።»

«ወንድ ቢሆን ኖሮ?»

«ቤቱን ይወርስ ነበር። ከሌለ ግን ሊኮን...» ክሌኢፔ አፋቸውን በእጃቸው ከደኑ።

የኒካረቴ አባት ኤውቲክሌስ ሲደርሱ ሁሉም በአስከሬኑ ዙሪያ ቆሙ።

«ሴት ፍርድ ቤት ቆማ አትመሰክርም» አሉ ሚርታሌ፤ «ስለዚህ እርስዎ ይስሙኝና ይናገሩልኝ። መርዝ የጠጣ ሰው ጥርሱ ውስጥ ሱፍ አይገባም። ልጅዎ በሱፍ ታፍና ነው የሞተች። ጽዋው በኋላ የተቀመጠ ነው፤ በትራታ እንዲላከክ።»

«ባሪያዋስ ማፈን ያቅታታል?» አለ ሊኮን።

«አያቅታትም ይሆናል። በርጩማ ላይ ግን አታስቀምጣትም።»

ሚርታሌ ወደ ሽመናው ዕቃ ጠቆሙ። ከሰው ቁመት ይረዝማል፤ ድሩ ከላይ ተንጠልጥሎ በሸክላ ክብደት ተወጥሯል።

«እዚህ ላይ ማን ተቀምጦ ሸምኖ ያውቃል? እኛ ሴቶች ቆመን፣ ከዳር ዳር እየተመላለስን ነው የምንሠራው። በርጩማው ለመፍተያ ነው። ይህን እናትህ ያውቃሉ፣ ትራታ ታውቃለች፣ የአምስት ዓመት ሴት ልጅም ታውቃለች። የማያውቅ ወንድ ብቻ ነው። እትብትህን የቆረጥሁት እኔ ነኝ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ የለበስኸው ሁሉ ከዚህ ወጣ፤ አንተ ግን አንድ ቀን ቀና ብለህ አላየኸውም። ወንድ ደግሞ ከአንተ በቀር አልገባም። ራስህ ምለሃል።»

ሊኮን ወደ በሩ ተራመደ። እናቱ ቀድመው ተገትረው ጠበቁት።

«እማዬ፣ ዞር በይ።»

«እማዬ አትበለኝ! አንዱን ልጄን ባሕር በላው፤ ዘሩን አንተ በላህ።»

ኤውቲክሌስ በቀብሩ ዕለት፣ እንደ አገሩ የክስ ወግ፣ ጦር ይዘው፣ የገዳዩን ስም እየጠሩ ከልጃቸው አስከሬን ፊት ፊት ሄዱ። ትራታን የነካት የለም። ሊኮን ፍርዱን ሳይጠብቅ በመርከብ ሸሸ። ክሌኢፔ ስሙን ከነእርግማኑ በቀጭን የእርሳስ ብረት ላይ አስቀርጸው፣ በሚስማር ወግተው፣ ሙታን እንዲበቀሉት በምራታቸው መቃብር ውስጥ ቀበሩት።