ኳሱ የጠፋበት ጌም

ሃያ ሁለት ተጫዋች ጥቁር ሜዳ ላይ ይሮጣል። ሣር የለም፣ ጎል የለም፣ ኳስም የለም። ተመልካቹ ግን ይጮኻል።

«ኳሱ የት አለ?» አለ ናስር በፌኔት ትከሻ ላይ አንገቱን አስግጎ።

«ይመጣል።»

«ከየት? ከድሬዳዋ?»

ፌኔት ቁልፎቹን ደጋግማ ተጫነች። ያሉት ጭሮ መናኸሪያ ፊት ለፊት፣ የእናቷ የዓለምሸት ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ ደንበኛ ከሌለ፣ ኮምፒውተሩ የእሷ ነው። እሷና ናስር የአንድ ክፍል ልጆች ናቸው፤ በአንድ ኪቦርድ ለሁለት ይጫወታሉ። እሱ ቀስቶቹን ይይዛል፣ እሷ በግራ በኩል ያሉትን ፊደሎች፣ ክርን ለክርን እየተገፋፉ። አምና አምስት ለአራት አሸነፋት። «ያሸነፈኝ ክርኑ ነው» አለች። እሱ ደግሞ «እሷ ትንሽ የምትሞክረውም የእናቷ ኮምፒውተር ስለሆነ ነው» ብሎ ለክፍሉ ሁሉ አወራ። ይሄ አንጀቷን አሳረረው። ወንበዴውን እቀጣዋለሁ ብላ አንድ ሙሉ ሴሚስተር ስትለማመድ ከረመች።

ግጥሚያው ቅዳሜ አሥር ሰዓት ነው። የተሸነፈ ያሸነፈውን እስከ ሰኔ ድረስ፣ ክፍል ውስጥ ሰው ፊት፣ «ጋሼ» ወይም «እትዬ» እያለ በአክብሮት ይጠራል። ጌሙን የምታዘጋጀው ፌኔት ናት፤ ጌሙ ካልሠራ ፎርፌ ነው። ሕጉን ያወጣችው ራሷ ናት። ጌሙ አይሠራም ብላ መቼ አሰበች?

ዛሬ ሐሙስ ነው።

ጥፋቱ የአክስቷ ልጅ የአብዲሳ ነው፤ ጥቂቱ የእሷም ነው። የድሮው ዊንዶውስ ደንበኛ በሚያመጣው ፍላሽ ሁሉ ቫይረስ ሲሰበስብ ኖሮ ኮርነር በተመታ ቁጥር ቀጥ ይል ነበር። ኳሷ አየር ላይ ተንጠልጥላ፣ ሰው ሻይ ጠጥቶ ይመለሳል። እሑድ ዕለት አብዲሳ ከሐረማያ ዩኒቨርሲቲ መጣና ከቦርሳው ሲዲ አወጣ።

«ሊኑክስ ይባላል፣ በዊንዶውስ ፈንታ ይጫናል» አላት። «እኛ ሠፈር ያለው ቫይረስ አይነካውም። ነፋስ ነው።»

«ጌምስ?»

«ዋይን የሚባል ፕሮግራም አለ፣ በሱ ይከፈታል።»

ዓለምሸት መጠጥ በደጇ እንዲያልፍ የማትፈልግ ሴት ናት። «ሌላ ስም አጡለት?» አለች ከፎቶ ኮፒው ኋላ።

ፌኔት «ጫነው» ስላለችው አብዲሳ የሱቁን ፋይል ሌላ ቦታ ገለበጠ፣ ዊንዶውሱን ጠራርጎ ሊኑክሱን ጫነ፣ ፋይሉን መለሰና ሰኞ ጠዋት አውቶቡስ ተሳፈረ። እውነትም ነፋስ ሆነ። ጌሙም ተከፈተ። ኳሱ ብቻ ነው የቀረው።

«ይሄ ኮምፒውተር ሃይማኖት ለውጧል» አለች ዓለምሸት፣ ከሰኞ ጀምሮ እንደምትለው። «እጄ የለመደው ሁሉ ቦታውን ለቋል። ማተም የት እንዳለ ልጄን ልጠይቅ?»

ፌኔት ለአብዲሳ ሚስድ ኮል አደረገች። ወዲያው ደወለላት።

«ኳስ የለም። ሣርም የለም።»

«ተጫዋቾቹስ?»

«አሉ።»

«በጣም ጥሩ ነው» አለ አብዲሳ።

በቴክስት የላከላትን ትእዛዝ፣ ኮምፒውተሩ ትእዛዝ በሚቀበልበት ጥቁር መስኮት ላይ ፊደል በፊደል ጻፈች። ጌሙን ዘግታ ከፈተችው። ኳሱ መጣ። ሣሩም መጣ። ተጫዋቾቹ ጠፉ።

ናስር ሳቁ መቀመጫ አሳጣው። «ተይው በቃ፣ ተይው። ወንድሜ ጋ የዊንዶውስ ሲዲ አለ። ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ይዤው እመጣለሁ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጫናል። በፎርፌ ማሸነፍ ሼም ነው።»

«ዊንዶውስና ሊኑክስን አንድ ላይ መጫን አይቻልም?» ብላ አብዲሳን ጠየቀችው።

«ይቻላል፤ ግን በስልክ አላስነካሽም። አንዲት ቁልፍ ብትሳሳቺ የእናትሽ ፋይል ድራሹ ይጠፋል።»

ዓርብ ከሰዓት ኩብራ የምትባል አስተማሪ ከሚኤሶ መጣች። ፍላሿን እንደ ታመመ ጫጩት በሁለት እጇ ይዛዋለች። ውስጡ የመመረቂያ ጽሑፏ ነበር። ሦስት ኮምፒውተር ቤት ዞራ ሦስቱም «ባዶ ነው፣ ፎርማት ይደረግ» ብለዋታል።

ፌኔት ሰካችው። ሁሉም ተደርድሮ ቁጭ ብሏል። «ምዕራፍ ሁለት የመጨረሻው»። «ምዕራፍ ሁለት የእውነት የመጨረሻው»።

«ይሄ ነው?»

ኩብራ የወረቀት ካርቶኑ ላይ ዘጭ አለች። «አልሐምዱሊላህ። እናትዬ፣ ምን አድርገሽ ነው?»

«ምንም። ሰካሁት።»

ነገሩ ይኸው ነው። ያ ቫይረስ ፋይል አይበላም፤ ይደብቃል። ዊንዶውስ ደግሞ ተደብቋል ከተባለ አላየሁም ብሎ ያልፋል። ሊኑክስ ግን እንደ ሠፈር ሰው ነው፣ ተደበቀ የተባለውን ሁሉ ያወጣል።

ኩብራ ይህን ለሾፌሩም ለረዳቱም ሳትናገር ከመናኸሪያው አልወጣችም። ቅዳሜ ጠዋት ዓለምሸት ሱቋን ስትከፍት አግዳሚው ሞልቷል። የኳየር መዝሙር የጠፋበት አለ፣ የሠርግ ፎቶ የጠፋበት አለ፣ ምንም ሳይጠፋበት እንዲያው ላረጋግጥ ብሎ የመጣም አለ። ዓለምሸት ስለ ሃይማኖቱ አላነሳችም። ወረፋ ታስይዝ ጀመር።

ስምንት ሰዓት ላይ ናስር ሲዲውን ይዞ መጣ። ከኋላው ስድስት የክፍል ልጆች ተከትለውታል። በዚያ ሰዓት ወንበሩ ላይ ያሉት ጋሽ ዓሊዩ ነበሩ። ከመቻራ በዚያ ኮረኮንች መንገድ ሲናጡ መጥተው፣ ፍላሿን ከፌስታል ውስጥ ቋጠሮ በጥርሳቸው ፈተው ነው ያወጧት። የቡና ገበሬዎች ማኅበር ስም ዝርዝር ነው። ሲከፈት መነጽራቸውን አደረጉና ስሙን አንድ በአንድ በጣታቸው እየነኩ አነበቡ።

«ኢንተሎ፣ ልጄ፣ ሁለት ወር ፈጅቶ ነው የተጻፈው» አሏት። «ሰኞ ደግሞ የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር ይመጣሉ። የልጆቹ ውጤት ጠፍቶባቸዋል። ጭሮ አንዲት ልጅ አለች ብዬ ደወልኩላቸው።»

«ሰኞ?»

«ሰኞ። የለሽም እንዴ?»

«ፌኔት፣ ሰዓት እየሄደ ነው» አለ ናስር ሲዲውን ከልባሱ እያወጣ። «ልጀምረው?»

ዊንዶውሱ ከተጫነ ሊኑክሱ ይጠፋል። ፌኔት እናቷን አየች።

«እኔን ምን ታይኛለሽ?» አለች ዓለምሸት። «ያስገባሽው አንቺ ነሽ።»

ፌኔት የግራ እጇን ጣቶች አየች። ዘንድሮ ታሸንፈው ነበር። ሦስት ለዜሮ፣ ቢበዛ ሦስት ለአንድ። ይህን ግን ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም፤ በር ላይ የቆሙት ስድስቱም ፈርታ ነው ይላሉ። ሰኔ ደግሞ ሩቅ ነው።

«እኖራለሁ» አለቻቸው ጋሽ ዓሊዩን። ወደ ናስር ዞረች። «ሲዲውን ለወንድምህ መልስለት።»

«ፎርፌ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

በሩ ላይ ልጆቹ ማፏጨት ጀመሩ። ናስር ግን አልጨፈረም። ሲዲውን ልባሱ ውስጥ መለሰ፣ ጭንቅላቱን አከከ፣ ከዚያ ኪሱ ገባና ፍላሽ አውጥቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እንግዲያው... ይቺንም እይልኝ። የእህቴ ናት። ባዶ ነው ትላለች።»

ፌኔት አግዳሚውን አየች። አሥራ አንድ ሰው አለ። ጉሮሮዋን ጠረገች፤ በር ላይ ያሉትም እንዲሰሙ አድርጋ ተናገረች።

«ጋሼ ናስር፣ ወረፋ ይያዙ።»