ከይቅርታው በታች የነበሩት መስመሮች

ጥበቡ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞቶ ተገኘ። አጠገቡ የአረም መድኃኒት የተቀላቀለበት ለስላሳ ነበር፤ ስክሪኑ ላይ ደግሞ አጭር ደብዳቤ፦ «ደክሞኛል። የሚዛን ብቸኝነት በቃኝ። ይቅር በሉኝ።»

ሚዛን ከተማ ያለው ይህ ቢሮ የጥበቡና የሁለት ጓደኞቹ የሱሀይብና የኢሳይያስ ነው፤ ለቡና ማኅበራት ፕሮግራም ይጽፋሉ። በማግስቱ እህቱ ማናልሞሽ ከጌጫ መጣች።

«ቄሱ ራሱን ላጠፋ ፍትሐት የለም አሉኝ» አለቻት ኢንስፔክተር ለተብርሃንን። «ወንድሜን እንዲሁ አፈር ላልብሰው?»

ለተብርሃን ሱሀይብን ጠራችው።

«ይኼ ጥቁር ገጽ ምንድን ነው?»

«ኮድ መጻፊያው ነው። ቪም ይባላል። ሁሉም ነገር በኪቦርድ ትእዛዝ ነው። ጥበቡ ሁላችንም ይኼን እንድንመርጥ ሁለት ዓመት ለመነን። እኔ አንዴ ሞክሬው መውጫው ቢጠፋኝ ኮምፒውተሩን ከነነፍሱ ዘጋሁት። እንደ ሰው በማውስ የሚሠራውን መረጥኩ።»

«ኢሳይያስስ?»

«እሱም እንደኔ ነው።»

ኢሳይያስም «ነክቼው አላውቅም» አለ።

ለተብርሃን ከሪፖርት መጻፍ ያለፈ የኮምፒውተር እውቀት የላትም፤ ሰዓት ማየት ግን ታውቃለች። ሐኪሙ ጥበቡ የሞተው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት ነው ብሏል። ኮምፒውተሩ እንደሚያሳየው ግን ደብዳቤው በመጨረሻ የተቀመጠው (ሴቭ የተደረገው) ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ ነበር። ወዲያው ሜሮን ለምትባል የዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር መምህርት ደወለች።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ቢሮው ውስጥ ተሰበሰቡ፤ ቄሱም መጡ። ሜሮን በሌላ ኮምፒውተር ያንኑ መጻፊያ ከፈተች።

«ስማችሁን ጽፋችሁ አስቀምጡልኝ» አለቻቸው ለተብርሃን ሁለቱን ጓደኛሞች።

ሱሀይብ ያገኘውን ሁሉ ቀጠቀጠ፤ ማሽኑ ጮኸበት። ኢሳይያስም አልቻለም፤ ትከሻውን ነቅንቆ ተነሣ።

«ሟች ደብዳቤ አያስቀምጥም» አለች ለተብርሃን። «ከሞተ በኋላ ይህን ገጽ የነካው ሰው መጻፊያውን ያውቃል። ሱሀይብ፣ አንተ በእውነት አታውቅም። ኢሳይያስ ግን ገና ሳትጀምር ትንሿ ጣትህ ኢስኬፕ የምትባለውን የላይኛዋን ጥግ ቁልፍ ነካች፤ በተሳሳትክ ቁጥርም ወደዚያችው ሄደች። ሜሮን እንደነገረችኝ ቪም የለመደ ሰው ሳያስብ የሚነካት ቁልፍ እሷ ናት። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ! አሁን ምን እንዳጠፋህ እንይ።»

ሜሮን በጥበቡ ኮምፒውተር ላይ ያለውን ደብዳቤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ ከመጨረሻው ለውጥ በፊት ወደነበረበት መለሰችው። ከይቅርታው በታች የተሰረዙት መስመሮች ብቅ አሉ፦

«ኢሳይያስ፣ መጻፊያዬን አብሮኝ የመረጠ አንተ ብቻ ነህ። ሱሀይብ እንዳያሾፍብህ ተደብቀህ መማርህ እንኳ ደስ ያሰኘኝ ነበር። ሰኞ ቴፒ እሄዳለሁ። ሥራውን የተዋዋልኩት ለሁለታችን ነው። አብረኸኝ ና።»

ቄሱ ቀስ ብለው ተነሡ። «ፍትሐቱ ይደረጋል» ብለው ወጡ።

«መቼ አነበብከው?» አለች ለተብርሃን።

ኢሳይያስ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ከሞተ በኋላ። መርዙን የሰጠሁት ፕሮግራሙን ይዞ ጥሎኝ የሚሄድ መስሎኝ ነበር። ለመሰረዝ ሁለት ቁልፍ ይበቃል፤ ግን እጄ እምቢ ብሎኝ ብዙ ቆየሁ።»

ማናልሞሽ አጠገቡ መጥታ ቆመች። አልጮኸችም።

«በስልክ ሁሌ ‹አንድ ጓደኛ አግኝቻለሁ› ይለኝ ነበር» አለችው። «ስምህን ግን አልነገረኝም።»