ውዴ የለቀመችው ኪኒን

ይህን ታሪክ ያወራችልኝ የእናቴ ታላቅ እህት የሺመቤት ናት። ዋሽታ አታውቅም። ውሸት ቢያምራትም በዚህ ነገር አትዋሽም፤ የገዛ ልጇ ነገር ነውና።

ማመን የማይፈልግ መብቱ ነው። ግን ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ብቻውን ወደ ጣና ዳር እንዳይወርድ እመክረዋለሁ።

አዎ... ቀን ነው ያልሁት። እናንተ ጨለማን ትፈሩ ይሆናል። እኛ አገር የሚፈራው ቀትር ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም፣ ጥላ ከእግር ስር ሲገባ፣ ሐይቁ ዳር ሰው ሲጠፋ።

1973 ዓ.ም.፣ ባሕር ዳር፣ የደርግ ጊዜ።

የሺመቤት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ክር ክፍል ትሠራለች። ባሏ ሀብተ ሥላሴ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው። ስብሰባ ላይ «ጓድ ሀብቴ» ተብሎ ግራ እጁን ከማንም አስቀድሞ ያነሳል። ቤቱ ሲገባ ደግሞ በሩን ዘግቶ በቀኝ እጁ ያማትባል። በዚያ ዘመን እንዲህ የሚኖር ብዙ ነበር፤ በዚህ አልፈርድበትም። የምፈርድበት በሌላ ነው።

አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፤ ውዴ። የፊት ጥርሷ ወልቆ ገና አልበቀለላትም ነበር። ስትስቅ በዚያ ክፍተት ፉጨት የመሰለ ድምፅ ይወጣታል።

ውዴ የሚጥል በሽታ ነበረባት።

ስትወድቅ ጎረቤት ይሰበሰብና ክብሪት ጭሮ ያሸታታል። ያገሩ ልማድ ነው። ከዚህ የተነሳ ያ ቤት የተጫረ ክብሪት ሽታ ተለይቶት አያውቅም ነበር።

በኋላ አንድ የጤና ጣቢያ ድሬሰር፣ «ክብሪቱን ለምድጃችሁ አድርጉት» ብሎ ነጭ ኪኒን በቡናማ ብልቃጥ ሰጣቸው። ጠዋትና ማታ፣ ሳይቋረጥ።

ውዴ መውደቅ አቆመች። ክረምቱ ወጥቶ በጋው ሲጋመስ አንድም ቀን አልወደቀችም። የክብሪቱ ሽታ ከቤቱ ጠፋ። የሺመቤት ልጇ ከእኩዮቿ ጋር ገመድ ስትዘል አይታ ጓዳ ገብታ አለቀሰች፤ የደስታ ነው።

የነፍስ አባታቸው ቄስ ክንዱም፣ «ጠበሉንም ትጠመቅ፣ ኪኒኑንም ትዋጥ። የሁለቱም ጌታ አንድ ነው» ብለው ባረኳት።

ሀብተ ሥላሴ ግን ሌላ ሰው አገኘ።

ሐይቁ ዳር፣ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ጥቅጥቅ ባለበት ቦታ፣ ቢጫ ቆብ የደፋ አንድ አጥማቂ ነበር። ከየት ገዳም እንደመጣ የሚያውቅ የለም። ቄስ ክንዱ «ማን ላከው?» ብለው ቢጠይቁ መልስ አላገኙም። አንደበቱ ግን እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው፤ ሰው በድብቅ ይጎርፍለታል።

አንድ ቀን ሀብተ ሥላሴ ከሥራ ሲመለስ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ኪኒኑ ነው አሉ ያሰረብን።»

«ምኑን?»

«መንፈሱን። ያስተኛዋል እንጂ አያስወጣውም። ጠበልና ኪኒን አይስማማም ብለውኛል።»

«ልጂቱ ድናልን የለም እንዴ?»

«አልዳነችም። ተኝቶባት ነው።»

«ሀብቴ... ልጄን እንዳትነካብኝ።»

«ያንቺ ብቻ ናት? እኔ አባቷ አይደለሁም?»

ዝም አለች። ዝምታዋን እሺታ አድርጎ ወሰደው።

በማግስቱ የሺመቤት ለምሳ ወደ ቤት ብቅ ስትል በሩ ተቆልፏል። ጎረቤት፣ «ጓድ ሀብቴ ልጂቱን ይዞ ወደ ሐይቁ ወረደ» አለቻት።

ሮጠች።

ደንገሉን ገልጣ ስትደርስ መጀመሪያ ያየችው ከውሃው ስር ጭቃው ላይ የተበተነ ነጭ ነገር ነው። ኪኒኖቹ። ሁሉንም ደፍቷቸዋል። ብልቃጡን ግን አልጣለውም፤ ለበርበሬ ይሆናል ብሎ ኮት ኪሱ ከትቶታል። እንዲህ ያለ ሰው ነበር።

ቀጥሎ ልጇን አየች።

ውዴ ውሃው ውስጥ ትንፈራገጣለች። አጥማቂው ጭንቅላቷን ይዟል። አባቷ ሁለቱን ቁርጭምጭሚቶቿን ጨብጧል።

«ልቀቋት! ሕመሟ ነው! ጥሏት ነው!»

«መንፈሱ ነው የሚንፈራገጠው!» አለ አጥማቂው። «እግሯን እንዳትለቅ!»

ሀብተ ሥላሴ አልለቀቀም። ለመጠመቅ የመጡ ሴቶች የሺመቤትን ከወገቧ ያዟት። ነከሰች፣ ቧጠጠች፤ አልሆነም።

ከዚያ ውዴ ጸጥ አለች።

«ወጣ!» አለ አጥማቂው።

ሴቶቹ እልል አሉ።

እልል አሉ... ልጂቱ ሞታ።

አስከሬኗን ያጠበችው የሺመቤት ናት። ቁርጭምጭሚቶቿ ላይ የአባቷ ጣቶች በልዘው ቀርተዋል። ለቅሶ ደራሹ፣ «ምነው ጤና ጣቢያ በወሰዳችኋት ኖሮ» ይላል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ሀብተ ሥላሴ፣ «ትኩሳት ነው፤ ድንገት ነው» እያለ ያወራል።

እሷ አልተናገረችም። ለማን ትናገር? ምስክር የሚሆኑት እልል ያሉት ሴቶች ናቸው።

ሰው ከተበተነ በኋላ ግን ብቻዋን ወደ መቃብሩ ሄደች። ተንበርክካ አፈሩን በመዳፏ እየዳበሰች አንድ ነገር ብቻ አለች።

«ውዴ፣ ሆዴ... አባትሽ የጣለብሽን ልቀሚ። አንድም እንዳታስቀሪ።»

ቤቷ ገባች። ባዶውን ብልቃጥ ከባሏ ኮት ኪስ አውጥታ መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው።

መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው።

ቀትር ላይ፣ ባልና ሚስት ምሳ ቀርበው ሳለ፣ ቤቱ የተጫረ ክብሪት ሸተተ። ክብሪት ግን አልነበራቸውም፤ በዚያ ሰሞን ከየሱቁ ጠፍቶ ፍም ከጎረቤት ነበር የሚጫረው።

«ሸተተህ?» አለችው።

«ምኑ?»

«ተወው።»

ግን ሸትቶታል። አፍንጫው ሲነፋ አይታዋለች።

በሌላ ቀን ጫማውን ሲያጠልቅ የሆነ ነገር ጎረበጠው። አራገፈው። ነጭ ኪኒን ወለሉ ላይ ወደቀ።

እርጥብ ነበር። ኪኒን ውሃ ሲነካው ይሟሟል አይደል? ይህኛው አልሟሟም። የሐይቅ ጭቃ ይሸታል።

«አንቺ ነሽ?» አለ።

«እኔ ምን አደረግሁ? የጣልኸው አንተ።»

አንስታ ብልቃጡ ውስጥ ጣለችው።

ቀጭ አለ።

ቀጥሎ ከትራሱ ስር ተገኘ። ቀጥሎ መሥሪያ ቤቱ፣ ቆልፎት ከሄደው መሳቢያ ውስጥ። አንድ ቅዳሜ የሚወደውን ቀረሶ ዓሣ ገዝቶ መጣ። የሺመቤት ሆዱን ስትሰነጥቀው...

እፍኝ ሙሉ ነጭ።

አልጮኸችም። አንድ በአንድ እየለቀመች ብልቃጡ ውስጥ ጨመረችው። ቀጭ... ቀጭ... ቀጭ...

ሀብተ ሥላሴ በሩ ላይ ቆሞ ያያል።

«ሲሞላ ምን ይሆናል?» አለ በሹክሹክታ።

«እሷን ጠይቃት።»

ያን ቀን ብልቃጡን ነጥቋት ወጣ። ዓባይ ድልድይ ላይ ሄዶ ሊወረውረው ነው። ብዙም ሳይቆይ ተመለሰ። ብልቃጡ እጁ ላይ ነው። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ምነው?»

«ድልድዩን የሚጠብቀው ወታደር... አስቆመኝ። ምን ይዘሃል አለኝ። የልጄ መድኃኒት ነው አልሁት።»

«እና?»

«ታዲያ ልብስ ቀይርላት እንጂ፣ ረጥባ አይደለም ወይ ከኋላህ የምትከተልህ... አለኝ።»

የሺመቤት ወደ ደጅ አየች። መንገዱ ደረቅ ነው። ከባሏ ጫማ ኋላ ግን፣ በደፉ ላይ፣ ውሃ ጠብ ጠብ ብሏል።

ብልቃጡን ራሱ በገዛ እጁ መስኮቱ ላይ መለሰው።

ከዚያ መውደቅ ጀመረ።

መጀመሪያ የወደቀው ስብሰባ ላይ ነው። መፈክር ሲባል ግራ እጁን አነሳ። እጁ ሳይመለስ ሰውየው ተዘረረ፤ አረፋ ደፈቀ። በዕድሜው ወድቆ የማያውቅ ሰው! ጓዶቹ ተሯሩጠው ክብሪት ጫሩለት።

ደግሞ ወደቀ። ደግሞ። ሁልጊዜ በቀትር። ሽታው ይቀድመዋል፤ ከሽታው በኋላ ቁርጭምጭሚቶቹ ይቀዘቅዛሉ።

«በረዶ የያዘኝ ይመስለኛል» ይላል። «በሁለቱም እግሬ።»

ብልቃጡ አንገቱ ድረስ ደረሰ።

አንድ ምሽት አልጋው ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

«የሺ... ከዚያ ብልቃጥ አንዲት ስጪኝ።»

ተነሳች። ብልቃጡን አምጥታ ከፈተችው። መዳፏ ላይ አንድ ኪኒን አድርጋ አፉ ድረስ አቀረበችለት።

«እንካ፣ ዋጥ። ነገ ደግሞ ጤና ጣቢያ ራሴ እወስድሃለሁ። መጀመሪያ ግን ልጄን የገደልኋት እኔ ነኝ በል።»

አያት።

«በል። ቤት ውስጥ ማንም የለም። እኔና አንተ ነን... እና እሷ።»

አፉን ከፈተ። ኪኒኑን ቢውጥ፣ ያን ቀን የጣለው የልጁን ነፍስ እንደነበረ ማመን ሊሆንበት ነው። ይህን ከማመን ሞት ቀለለው።

«እግዜር ነው የወሰዳት» አለ።

የሺመቤት ኪኒኑን መልሳ ብልቃጡን ከደነችው። እኔ ይህን በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። የእግዜርን ስም ለገዛ እጁ መሸፈኛ ያደርጋል!

በማግስቱ ወደ አጥማቂው ወረደ። የሺመቤት ብልቃጡን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ከኋላው ተከተለች። በመንገድ ላይ ቋጠሮው ውስጥ ቀጭ ሲል ሰማች። ማንም አልነካውም።

ሞልቷል።

ቀን ስድስት ሰዓት ነው። ያው ቦታ፣ ያው ደንገል። ሐይቁ ላይ ወፍ እንኳ የለም። ሀብተ ሥላሴ ውሃው ውስጥ ገብቶ በአጥማቂው ፊት ቆመ። ድንገት አፍንጫው ተነፋ። ዞር ብሎ ሚስቱን ፈለጋት።

«የሺ... ክብሪት...»

ወደቀ።

«መንፈሱ ነው!» ብሎ አጥማቂው ጭንቅላቱን ያዘ። ሰውየው ግን ግዙፍ ነው፤ ይንፈራገጣል። ለመጠመቅ መጥተው ዳር የቆሙት ሴቶች ፈርተው አፈገፈጉ።

«አንቺ! እግሩን ያዢልኝ!»

የሺመቤት አልተንቀሳቀሰችም። የባሏ ደረት ይዘላል፣ እጆቹ ውሃውን ይመታሉ። እግሮቹ ግን ቀጥ ብለው ቀርተዋል።

ውሃው ጥርት ያለ ነበር። ጎንበስ ብላ አየች።

በሁለቱ ቁርጭምጭሚቶቹ ላይ... ትንንሽ ጣቶች።

«እግሩን ያዢ እኮ አልሁሽ!» ጮኸ አጥማቂው።

«ተይዟል» አለች የሺመቤት።

«ልቀቁት፣ ሕመሙ ነው» ማለት ትችል ነበር። ቃሉን ታውቀዋለች፤ አንድ ጊዜ ጮኻዋለች፣ ሰሚ አላገኘችም። አሁን ዝም አለች። ይህን ስትነግረኝ አላፈረችም፤ እኔም አላሳፈርኋት።

ሀብተ ሥላሴ ጸጥ አለ።

«ወጣ!» አለ አጥማቂው።

ሴቶቹ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ድምፅ አልወጣቸውም።

እልልታው የመጣው ከደንገሉ ውስጥ ነው። የአንዲት ልጅ እልልታ ነበር፤ በወለቀ ጥርስ መካከል ፉጨት የቀላቀለ።

ሴቶቹ እየተጋፉ ሸሹ። የሺመቤት የነጠላዋን ቋጠሮ ፈታች። ብልቃጡ ባዶ ነበር፤ አንድም ኪኒን የለበትም።

አጥማቂው ከውሃው ወጣ። ሊያማትብ እጁን ሲያነሳ ከእጅጌው አንዳች ነገር ዱብ አለ።

ነጭ ነው። እርጥብ።

አፍንጫው ተነፋ። ዙሪያውን ቃኘ።

«ክብሪት የጫረ ማነው?» አለ በሹክሹክታ።

የሺመቤት ጎንበስ ብላ ኪኒኑን ከአሸዋው ላይ አነሳች። ባዶው ብልቃጥ ውስጥ ጣለችው።

ቀጭ አለ።