የዓርብ ጩኸት

ግራዝማች ቢያዝን ከቀሃ ወንዝ በላይ ካለው የገደል መንገድ ሥር ሞተው የተገኙት በጥቅምት ፲፱፻፴፰ ዓ.ም.፣ አንድ ዓርብ ጠዋት ነው። ውሻቸው ፌርሞ ሰንሰለቱን እንደጎተተ ሬሳው አጠገብ ተኝቶ ነበር። ሻምበል ማሩ ከፖሊስ ጣቢያ ሲደርስ ተነሥቶ ጮኸበት።

«አይዞህ፣ ሥራዬ ነው» አለው ሻምበሉ። ጎንበስ ብሎ ሰንሰለቱን አየ፤ አንድም ቀለበት አልተሰበረም። ከላይ መንገዱ ላይ ግን የግራዝማች ከዘራ ለሁለት ተሰብሮ ወድቋል። ሰው ተንሸራትቶ ሲወድቅ ከዘራውን ሰብሮ መንገድ ላይ አይተውም።

ሻምበል ማሩ አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንለት ሰው ነው። ሲጠይቅ ይንጎራደዳል፤ ሲያስብ ቆቡን በጣቱ ያሽከረክራል። ያን ቀን ደግሞ ይባስ አለ፤ እሱ ከገደሉ ሳይወጣ ሕዝቡ ወንጀለኛውን ፈርዶ አስሮለት ጠበቀው።

የታሰረው ባሩክ ነው፤ የወለቃ ቤተ እስራኤል፣ ብረት ቀጥቃጭ። ፌርሞ ጣሊያን ሲሸሽ ጥሎት የሄደ ውሻ ነበር። ግራዝማች በሰንሰለት ይዘውት ጠዋት ጠዋት ሲንሸራሸሩ ከተማው ይስቅባቸዋል፤ ውሻው ደግሞ መንገድ ላይ ባገኘው እንግዳ ሁሉ ይጮኻል። አንዲት ሴት ደንግጣ እንስራዋን ስትጥል ነገሩ ዳኛ ፊት ደረሰ፤ «ወይ ዝም ይበል፣ ወይ ይገደል» ተባለ። ያኔ ሰንሰለቱን የሠራው ባሩክ «እኔ አስተምረዋለሁ» አለ።

ዘዴው ትዕግሥት ብቻ ይጠይቃል። እንግዳ ሰው ከሩቅ ብቅ ሲል፣ ውሻው አፉን ሳይከፍት፣ ትንሽ ቋንጣ ይሰጠዋል። ሰውዬው ሲቀርብ ይደግመዋል፤ ሲያልፍ ይከለክለዋል። በሁለት ወር ፌርሞ እንግዳ ባየ ቁጥር መጮኹን ትቶ የያዘውን ሰው እጅ ማየት ጀመረ። ከዚያ ወዲያ ግራዝማች ራሳቸው ቋንጣውን በኪሳቸው ይዘው ይወጡ ነበር። ከተማው ግን «ቀጥቃጩ የውሻውን አፍ በመድኃኒት አሰረው» አለ፤ ግራዝማች ሲሞቱም ጣቱን በእሱ ላይ ቀሰረ። ቋንጣው በዓይናቸው ፊት እየታየ! ሰው ማመን የፈለገውን ከማመን የሚመልሰው ነገር የለም።

መጀመሪያ የተጠየቀው የግራዝማች የወንድም ልጅ ሰጠኝ ነው፤ ቤቱ ማክሰኝት ነው።

«ትናንት በእህል ማኪና ገባሁ» አለ። «ዛሬ ጎህ ሲቀድ ገደሉ አፋፍ ላይ አያ ቢያዝንን አገኘኋቸው። ሰላም ተባብለን ተላለፍን።»

«ውሻውስ?»

«እንደ ወትሮው ነዋ! አያ ቋንጣ ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡት፤ እሱም እያኘከ ዝም ብሎ አለፈኝ። ዞር ብል ባሩክ ከኋላቸው ሲወጣ አየሁ። ላስተማረው ሰው ውሻው ምነው ይጮኻል?»

«ወትሮ ስትል መቼ መቼ ታያቸዋለህ?»

«ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ለገበያ ስመጣ፣ መንገድ ላይ።»

«ቤታቸው አትገባም?»

«የርስት ክርክር አለብኝ፣ ከእህቴ ጋር። ሰኞ አያ ይመሰክሩ ነበር።»

«ለማን?»

ሰጠኝ መሬት መሬት አየ። «ለእውነት» አለ።

ባሩክ እስር ቤት ጥግ ቆሞ ነበር።

«አያ ባሩክ፣ ዛሬ ጠዋት የት ነበርክ?»

«ከወናፌ ጋር። ሰንበታችን ዛሬ ማታ ይገባል፤ ዓርብ ጠዋት ሥራ የምጨርስበት ነው። ያየችኝ ሚስቴ ብቻ ናት።»

«የሚስት ምስክርነት አይበቃም።»

«አውቃለሁ፣ ጌታዬ። እኔን ለመስቀል ግን ምስክር የጠየቀ የለም።»

ይህ ሰው ጥፋተኛ ከተባለ መጨረሻው ገመድ ነው፤ ምስክሩም የሟች ሥጋ ዘመድ ነው።

ወደ ገደሉ መንገድ ተመለሰ። ከአፋፉ በላይ ያለችው አንዲት ጎጆ የሽታዬ ናት፤ ብቻዋን የምትኖር አሮጊት።

«እትዬ ሽታዬ፣ ዛሬ ጎህ ሲቀድ የሰሙት ነገር አለ?»

«ውሻው ጮኸ። ክፉኛ ጮኸ፤ ቆይቶ ራቅ ብሎ ከታች ተሰማኝ።»

«ወጥተው አላዩም?»

«ዓርብ ነዋ፣ ልጄ! ሮብና ዓርብ ሁልጊዜም እንደዚያው ነው።»

ሻምበሉ የሚያሽከረክረው ቆብ ቀጥ አለ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ከባድ ነበሩ። ሕዝቡ ጣቢያውን ከቦ «ምን ትጠብቃለህ?» ይላል፤ አለቆቹ «አቅርበው» ይላሉ። እሱ «ሮብ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣውም።

ሮብ ጠዋት ሁሉንም በግራዝማች ግቢ ሰበሰበ። ባሩክ በካቴና ቆመ። ሰጠኝ ነጠላውን አጣፍቶ ከለቀስተኞቹ ፊት ተቀመጠ። የሟች ሚስት ወይዘሮ የዓለምወርቅ የፌርሞን ሰንሰለት ያዙ።

«አያ ባሩክ፣ በውሻው ፊት እለፍ።»

ባሩክ አለፈ። ፌርሞ ጭራውን ቆላ።

«አቶ ሰጠኝ፣ አንተም።»

ሰጠኝ ገና ሦስት እርምጃ ሳይራመድ ፌርሞ ግቢውን በጩኸት ሞላው።

«ይህ ውሻ ላስተማረው ሰው በማንኛውም ቀን አይጮኽም» አለ ሻምበል ማሩ እየተንጎራደደ። «እትዬ ሽታዬ ግን ዓርብ ጎህ ሲቀድ ክፉኛ ሲጮኽ ሰምተውታል። እንግዲህ አፋፉ ላይ የነበረው ባሩክ አይደለም።»

«ቅዳሜ አይጮኽብኝም!» አለ ሰጠኝ።

«ልክ ነህ። ወይዘሮ የዓለምወርቅ፣ ዛሬ ምነው ይጮኻል?»

«ሮብ ነዋ» አሉ። «ባለቤቴ በጾም ቀን ቋንጣ በእጃቸው አይነኩም ነበር። ሽምብራ ሰጥተው ሞከሩት፤ አሽትቶ ተወው። ስለዚህ ሮብና ዓርብ ይጮኻል።»

«ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ የሚያያቸው ሰው ይህን አያውቅም። አቶ ሰጠኝ፣ ዓርብ ጠዋት ግራዝማች ከኪሳቸው ምን አወጡ አልከኝ?»

ሰጠኝ ወደ በሩ አየ።

«'ቋንጣ' ነው ያልከኝ» አለ ሻምበሉ።

«ዓርብ?» ወይዘሮ የዓለምወርቅ ተነሡ። «ባለቤቴ ዓርብ ሥጋ ይዘው? ገድለሃቸው ሳያንስ ጾማቸውንም አስፈታሃቸው?»

«ቅዳሜ ያየኸውን ለዓርብ መሰከርክ» አለ ሻምበሉ። «በሰላም አልተላለፋችሁም። ሰኞ ለእህትህ ይመሰክራሉና ከገበያው ቀን ቀድመህ መጥተህ ጠበቅሃቸው።»

ሰጠኝ ተንበረከከ። «እንዲተዉት ለመንኳቸው። 'የልጅቷን ድርሻ አልክድም' አሉኝ። ከዘራቸውን ቀማሁ፤ ታገሉኝ፤ ገፋኋቸው። ውሻው መጮኹን አላቆም አለ፤ ሰው ይመጣል ብዬ ሸሸሁ። ማንም አልመጣም።»

የባሩክ ካቴና ተፈታ። ፌርሞ አሁንም ይጮኻል። ባሩክ ከልማዱ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ፤ የእሱ ጾም ሮብ አይደለም፤ ሲታሰር በኪሱ የነበረ ቋንጣም አለው።

ከበሩ አጠገብ ሽታዬ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታለቅስ ነበር። «ሰምቼው ነበር» ትላለች። «ዓርብ ነው ብዬ ነው የተኛሁት።»

ባሩክ አያት፤ እጁንም ባዶውን ከኪሱ አወጣ።

«ዛሬስ ይጩኽ» አለ።