አንድ ጣውላ የጎደለው ጀልባ

የሰደበችው ጸደንያ ናት። ቀኑ ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ አሥራ ዘጠኝ፣ የገብርኤል ዕለት፤ ሰዓቱ የዐሱር አዛን እንዳበቃ፤ ቦታው ሀርጌሳ፣ መሐመድ ሞጌ ሰፈር፣ የጋሽ ሀርቢ ግቢ። አየነው እንዲህ ያለውን ነገር አይስትም። ስድስተኛ ክፍል ሳለ «ይሄ እጅ ለሞፈር እንጂ ለእርሳስ አልተፈጠረም» ያሉትን መምህር ከነኮታቸው ቀለም ያስታውሳቸዋል። እዚሁ ሀርጌሳ፣ አያሃ ሰፈር ሲሚንቶ ሲያቦካ «አንተ የደንገል አሳሪ ልጅ!» ብሎ የጠራውን ፎርማን፣ ቢያድግልኝን፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላም ብሎት አያውቅም።

የእሷ ግን ከሁሉም ባሰበት።

«አየነው፣ እርጥቡን ነው እንዴ የምታጣብቀው?» ነበር ያለችው። በቃ፣ ይኸው ነው። ጋሽ ሀርቢ ሻያቸው እጃቸው ላይ እስኪፈስ ሳቁ።

የጀልባውን ሥራ ያገኘችለት እኮ ራሷ ነበረች። ጸደንያ የጋሽ ሀርቢ ቤት ሠራተኛ ናት። ከሁለት ወር በፊት የማድ ቤቱ በር ተገንጥሎ ሊገጥም ሲመጣ፣ በሩን በሁለት እጇ ደግፋ የያዘችለት እሷ ናት።

«አገርህ የት ነው?»

«ጣና ዳር።»

«ታዲያ ጀልባ ትሠራለህ በለኛ!»

የእኛ ታንኳ የደንገል ነው፣ ጣውላ አያውቅም ሊላት ነበር። ዓይኗን ሲያይ ግን «እንዴታ!» አለ።

ጋሽ ሀርቢ ድሬዳዋ ያደጉ ሰው ናቸው፤ አማርኛቸው ከአየነው ይፈጥናል። ወደ አየር ማረፊያው በሚወስደው መንገድ ላይ የዓሣ ምግብ ቤት ሊከፍቱ ነበርና፣ ደጃፉ ላይ የሚቆም ጀልባ ፈለጉ፤ ውሃ የማይነካ፣ ለዓይን ብቻ የሚሆን። ጸደንያ ሮጣ ነገረቻቸው።

እንዲህ ሆኖ አየነው የማያውቀው ሥራ ውስጥ ገባ። የጀልባውን አጥንት አቆመ። በላዩ ላይ ጣት የማያክሉ ስስ ጣውላዎች፣ ቀዩንና ነጩን እያፈራረቀ፣ እያጎበጠ ማጣበቅ ነበረበት። ሲያጎብጣቸው ቀጭ! ይላሉ። ሌላ ያነሳል፤ ቀጭ! በርሜል ውሃ ውስጥ ቢያሳድራቸው ለዘቡለት።

ወይዘሮ ዓሻ፣ የቤቱ እመቤት፣ ከምሳ በኋላ ጋደም ሲሉ ጸደንያ ባልዲ ደፍታ ትቀመጥና ከሩዝ ከረጢት በመዘዘችው ክር ሌማት ትሰፋለች። መጀመሪያ ግን ወልድያ፣ እናቷ ዘንድ ትደውላለች። ጦርነቱ ስልኩን ከቆረጠው አምስት ወሩ ነው። እሷ ስትደውል አየነው መላጊያውን ያቆማል። ቢጠራ እንድትሰማ። ተነጋግረውበት አያውቁም።

«ጀልባው ሲያልቅ የምነግርሽ ነገር አለኝ» አላት አንድ ቀን።

«እኔም የምመልስልህ አለኝ» አለችና ሌማቱ ላይ አቀረቀረች።

ከዚያ ነው እንግዲህ ያ ማክሰኞ የመጣው። ልክ እንደሆነች ወዲያው ገብቶት ነበር፤ ኮላው ከእርጥቡ ላይ ሲንሸራተት ጣቱ ነግሮታል። ግን ጋሽ ሀርቢ ስቀዋል። እልህ ያዘውና እርጥብ በእርጥብ ላይ መለጠፉን ቀጠለ። ከዚያ ቀን ጀምሮም እሷ ስትደውል መላጊያውን ማቆም ተወ።

በሳምንቱ ደረቁ ነፋስ ጣውላዎቹን አኮማተራቸው፤ በየመሃላቸው ፀሐይ ታልፍ ጀመር።

«ወላሂ፣ ጀልባ ስልህ ማበጠሪያ ሠራህልኝ!» አሉ ጋሽ ሀርቢ። «ይሁን፣ ኢንሻአላህ ታስተካክለዋለህ።»

ሁሉንም ነቀለ። አዲሶቹን አጥንቱ ላይ በገመድ አስሮ ሦስት ቀን አደረቃቸው፤ ከዚያ ነው ኮላ የነካቸው። ጸደንያ አይታ ምንም አላለች። ዝም ማለቷንም እንደ ስድብ ቆጠረው።

ሐሙስ ከሰዓት ጸደንያ ስትደውል የእናቷ ስልክ ጠራ። አየነው እየላገ ነበር። ጸደንያ አንድ ጆሮዋን በመዳፏ ደፍና «እማዬ! እማ! አይሰማኝም!» እያለች ወደ መንገዱ ሮጠች። ያኔ እጁ ቆመ። ዘግይቷል።

«እናቷ በሕይወት አሉ፣ አልሐምዱሊላህ» አሉት ጋሽ ሀርቢ። «ቤታቸው ግን ተቃጥሏል። ቅዳሜ ትሄዳለች።»

ቅዳሜ ጠዋት ሻንጣዋን ይዛ ወደ ጀልባው መጣች። አንድ ጣውላ ብቻ ቀርቶታል።

«የምነግርሽ ነገር አለኝ ብለኸኝ ነበር።»

«አላለቀም።»

«አንድ ጣውላ እኮ ነው የቀረው፣ አየነው። ምን አድርጌህ ነው እንዲህ የዘጋኸኝ?»

«ሰድበሽኛል።»

«እኔ? መቼ?»

«ማክሰኞ። በገብርኤል። ከዐሱር በኋላ።»

ሳቅ ሊያመልጣት ሲል እንባዋ ቀደመው። «እርጥብ ነው ያልኩት ጣውላውን ነው! እርጥብ ስንደዶ የተሰፋ ሌማት ሲደርቅ እንደሚላላ ከእናቴ ተምሬ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ዝም እለው ነበር። ልፋትህ ሜዳ ላይ ሲቀር ዝም ብዬ ልይልህ?»

ከግቢው ውጭ ወደ ድንበሩ፣ ወደ ቶጎ ውጫሌ የሚወስዳት መኪና ጡሩምባውን ነፋ።

«እናቴን ቤት አስገብቼ ልመለስ እችላለሁ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ተመለሽ ካልከኝ። ልመለስ?»

አየነው የመጨረሻውን ጣውላ አነሳ። እንደ አጥንት ደርቋል። ምላሱ ላይ ያለችው አንዲት ቃል ናት። ቀና ሲል ጋሽ ሀርቢ የሻይ ብርጭቋቸውን ይዘው በረንዳው ላይ ቆመዋል፤ ሊስቁ ይሁን ሊመርቁ፣ አፋቸውን ከፈት አድርገዋል። የማክሰኞው ሳቃቸው ትዝ አለውና ያቺን ቃል ዋጣት።

ጣውላውን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ በእሷና በጀልባው መካከል አለፈ።

«አየነው!»

በሩን ወጥቶ፣ የቆመውን መኪና አልፎ፣ የአየር ማረፊያውን መንገድ ያዘ።